ኮክፒት፣ ቲቲዋይዲ ወይስ ጓካሞሌ? ሰርቨርን በብራውዘር ለመክፈት የቱ ይሻላል

ደብረ ብርሃን የጅምላ መደብር ያላቸው አንድ ደንበኛዬ ሰርቨራቸው በተበላሸ ቁጥር እኔን መጠበቅ ሰለቻቸው። የትም ሆኜ በብራውዘር ገብቼ እንድሠራው ፈለጉ። ሦስት ፕሮግራም ጠራሁላቸው። «ዋጋቸውስ?» አሉኝ። ሦስቱም ነጻ ናቸው አልኩ። «እንግዲያው ልጄ፣ ትልቁን ጫንልኝ!»

ጋሼ አይፈረድባቸውም። እዚህ ግን የሚከፈለው በብር አይደለም፤ በራም፣ በዳታና በጥገና ሰዓት ነው። ትልቁ ጓካሞሌ ነው። የጫንኩላቸው ግን ኮክፒትን ነው።

ሰርቨሩ መደብሩ ጓዳ ውስጥ ነው ያለው። ብርዱ ማቀዝቀዣ ከመግዛት አድኖናል፤ ሸዋ ሮቢት ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር። ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ የሽያጭ ፕሮግራሙም እዚያው ላይ ይሠራል። ኮክፒት ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት የተሠራ ይመስላል። ኡቡንቱና ዴቢያን በሚባሉት ሊኑክሶች ላይ በአንድ የአፕት (የፕሮግራም መጫኛው) ትእዛዝ ይጫናል፣ 9090 ፖርት (የመግቢያ በር ቁጥር) ላይ ይከፈታል። የምትገቡት በሰርቨሩ በራሱ የተጠቃሚ ስምና ይለፍ ቃል ስለሆነ ሌላ ዳታቤዝ አያስፈልገውም። ሰው ካልከፈተው ተኝቶ ነው የሚውለው፤ ሲስተምዲ፣ ማለትም የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ክፍል፣ የሚቀሰቅሰው ጥያቄ ሲመጣ ብቻ ነው። ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት፣ ከተርሚናሉ፣ ሌላ ዲስኩን፣ ሎጉን (የሰርቨሩን የክንውን መዝገብ) እና አገልግሎቶቹን በገጽ ያሳያል። ጋሼ አሁን ዲስክ ሲሞላ ከእኔ ቀድመው ያያሉ። ችግሩ ከኤንጂንኤክስ፣ ከፊት ሆኖ ጥያቄ ከሚያስተላልፈው የዌብ ሰርቨር፣ ጀርባ ስታደርጉት ይመጣል። የጎራ ስማችሁን የኮክፒት ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ኦሪጅንስ» በሚለው መስመር ካልጻፋችሁ መግቢያው ይከፈታል፣ ከዚያ ወዲያ ግን አያሳልፋችሁም።

ቲቲዋይዲ ትንሽዬ ናት። የምትሠራው አንድ ነገር ነው፦ የሰጣችኋትን ትእዛዝ 7681 ፖርት ላይ አውጥታ ብራውዘር ላይ ታሳያለች። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። በሩት (ሁሉን በሚችለው ተጠቃሚ) መብት ባሽን፣ ማለትም ትእዛዝ ተቀባዩን ፕሮግራም፣ አስነስታችሁ ብትተዋት አድራሻውን ያገኘ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል የሰርቨሩ ጌታ ይሆናል። ስለዚህ ወይ ስምና ይለፍ ቃል ስጧት፣ ወይ በባሽ ፋንታ ስምና ይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ሎጊንን አስነሱ። ሌላም አለ። ከ1.7.4 እትም ጀምሮ ካልነገራችኋት በቀር ለማየት ብቻ ናት። ይህን ሳላውቅ ግማሽ ቀን ኪቦርድ ስቀያይር ውያለሁ! መጻፍ ከፈለጋችሁ ማስነሻው ትእዛዝ ላይ ትልቁን ደብልዩ (-W) ጨምሩ። ለአስተማሪ ግን ይሄ ገደብ ሲሳይ ነው፤ ተማሪዎቹ የሚጽፈውን እያዩ ምንም አይነኩበትም።

ጓካሞሌ ሌላ ሚዛን ላይ ነው። ኤስኤስኤች (ከሩቅ ትእዛዝ መስጫው) ብቻ ሳይሆን ሙሉ ስክሪን ከሩቅ የሚያሳዩትን የዊንዶውስን አርዲፒና ቪኤንሲንም ብራውዘር ላይ ያመጣል። ማን ምን እንደሠራ ይቀርጻል፣ ሁለተኛ የማረጋገጫ ኮድም ይጠይቃል። ብዙ ማሽንና ብዙ ባለሙያ ላለው ተቋም ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ሆኖም ከማሽኖቹ ጋር የሚያገናኘው ጓክዲ የሚባለው ክፍል አለ፣ ገጹን የሚያስኬደው ቶምካት አለ፣ ከዚያ ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ አለ። ፕሮግራምን ከነፍላጎቱ አሽጎ በሚያስኬደው በዶከር ሥራው ይቀላል እንጂ አይጠፋም። እኔ ለእሱ ብቻ የሚተርፍ 2 ጊጋ ራም ከሌለ አልጀምረውም። ከጫናችሁት ደግሞ መጀመሪያ «ጓክአድሚን» የሚለውን የፋብሪካ መግቢያ አጥፉ፤ የይለፍ ቃሉም ያው ስሙ ነው።

የእኛን ኔትወርክ ለሚያውቅ አንድ ልዩነት ይበልጣል። ኮክፒትና ቲቲዋይዲ የሚልኩት ጽሑፍ ነው፣ ብራውዘሩ ራሱ ይስለዋል። ጓካሞሌ ተርሚናሉንም ሰርቨሩ ላይ ስሎ ነው የሚልከው። ጣርማበር ላይ ሆኜ በስልክ ዳታ ስገባ ልዩነቱ ጣቴ ላይ ይታወቀኛል።

መስመር መቆረጡ አይቀርም። ሲቆረጥ ቲቲዋይዲ ያስነሳችሁትን ትእዛዝ ታቋርጠዋለች። ዳታቤዝ እየገለበጣችሁ ቢሆን አስቡት። መፍትሔው ባሽ ሳይሆን ቲመክስ፣ መስመር ቢቆረጥም ሥራውን የሚያቆይ ፕሮግራም፣ እንድታስነሳ ማድረግ ነው፤ ተመልሳችሁ ስትገቡ ሥራው እንዳለ ታገኙታላችሁ። ኮክፒት ውስጥም ከባድ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቲመክስን በእጃችሁ ክፈቱ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ቲቲዋይዲ በራሷ እንድትነሳ የሲስተምዲ አገልግሎት አድርጓት።

የድሮ መመሪያዎች ሼል ኢን ኤ ቦክስ የሚባል ሌላ የብራውዘር ተርሚናል ያወድሳሉ። ለመጫን ቀላል ነው፣ 4200 ፖርት ላይ ይሠራል። ግን 2.20 እትሙ የወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ ወዲህ እድገቱ ቆሟል ማለት ይቻላል። አዲስ ሰርቨር ላይ አልጭነውም።

የትኛውንም ምረጡ፣ ፖርቱን ለኢንተርኔት ክፍት አትተዉት። እኔ ዋየርጋርድ የሚባል ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተመሰጠረ የግል መስመር) አስቀድሜ በእሱ ውስጥ ነው የምገባው። መደብሩ በሞባይል ራውተር የሚሠራ ከሆነማ ብዙውን ጊዜ የራሱ የውጭ አይፒ ስለሌለው ያለ ቪፒኤን በቀጥታ አታገኙትም። ኤንጂንኤክስ ከፊት ካደረጋችሁ ማዋቀሪያው ውስጥ የዌብሶኬት (ብራውዘርና ሰርቨር ሳይቋረጡ የሚነጋገሩበት መንገድ) መስመሮቹን አትርሱ። ተርሚናሉ ባዶ ሆኖ ከቀረባችሁ መጀመሪያ እዚያ ነው የሚታየው።

ጋሼ አሁን ደብረ ሲና ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው። የሒሳብ ማሽኖቹ ዊንዶውስ ናቸው፣ ገንዘብ ያዧም ከቤቷ መግባት ትፈልጋለች። «አሁንስ ትልቁን?» አሉኝ። አሁን አዎ ጋሼ፤ መጀመሪያ ግን ራም ይግዙ።