የተተከለን ኩላሊት የሚያጠቃው ማነው? ቲ-ሴል ወይስ አንቲቦዲ?

“ሰውነቱ ኩላሊቱን አልቀበልም አለ” ሲባል አንድ ነገር ይመስላል። መንገዱ ግን ሁለት ነው።

ቲ-ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ራሳቸው ኩላሊቱ ውስጥ ዘልቀው ገብተው ቀጫጭን የሽንት ቱቦዎቹን ያጠቃሉ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ደግነቱ በደም ሥር የሚሰጥ ጠንከር ያለ ስቴሮይድ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል።

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ አንቲቦዲው ነው። ይሄ ሴል ሳይሆን ፕሮቲን ነው፤ በደም ተጉዞ የኩላሊቱ ደም ሥሮች ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና እዚያው ጉዳት ይጀምራል። በእርግዝና፣ ደም በመውሰድ ወይም በቀድሞ ንቅለ ተከላ የተነሳ አስቀድሞ ሰውነት ውስጥ ካለ፣ አዲሱ ኩላሊት በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ክሮስማች የሚባለው የደም ምርመራ ከቀዶ ጥገናው በፊት የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከዓመታት በኋላም ሊፈጠር ይችላል፣ በተለይ ሰውነት ኩላሊቱን እንዳያጠቃ የሚሰጠው መድኃኒት እየተዘለለ ሲወሰድ፤ ሕመም የለውም፣ ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ብቻ ደም ውስጥ ቀስ እያለ ይጨምራል። ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ ክፍል) ይጣራል፣ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተዘጋጀ አንቲቦዲ) ይሰጣል፣ ግን እንደ ቲ-ሴሉ ጥቃት በቀላሉ አይመለስም።

ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ጊዜም አለ፤ ቢ-ሴሎች የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች አንቲቦዲ እንዲሠሩ የሚያግዙት እኮ ቲ-ሴሎች ናቸው። የትኛው እንደሆነ በደንብ የሚለየው ከኩላሊቱ በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው።