የፒካፔን መሪ ያለ አዲስ ፓምፕ ላዳኑልኝ መካኒክ

ለአንድ መካኒክ ትልቅ ምስጋና አለብኝ። ስማቸውን እንዳልለጥፍ ራሳቸው ከልክለውኛል። «ሰው ሲበዛ ሥራ ይበላሻል» ይላሉ። ስለዚህ ስለ ሥራቸው ልንገራችሁ፤ አድራሻቸውን የፈለገ በውስጥ ይጠይቀኝ።

መኪናዬ ዕድሜ የጠገበች ፒካፕ ናት። ሞተሯም ቻሲዋም ደህና ነው። የፓወር ስቲሪንግ ዘይቷ፣ በፓምፕ ተገፍቶ መሪውን የሚያቀለው፣ ግን አልበረክት አለ። ሞልቼ ትንሽ ስነዳ መሪው መክበድ ይጀምራል። ሳዞረው ደግሞ ከኮፈኑ ሥር የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል። በቆመችበት ሁሉ ቀይ ጠብታ ትታ ትሄዳለች። መጀመሪያ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። አየት አደረጉና «ፓምፑ ሞቷል፣ የመሪው ሳጥንም አብሮ ይቀየር» አሉኝ። ሳጥን የሚሉት የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈውን ነው። በምን አወቃችሁ ስላቸው፣ «አይታይህም እንዴ? በዘይት ተነክሯል እኮ!»

እውነት ነው፣ ፓምፑ ርሷል። እኚህ መካኒክ ግን የራሰው ከየት በመጣ ዘይት ነው ብለው ጀመሩ። ዘይት ሲያፈስ ወደ ታች ይወርዳል። የማራገቢያው ንፋስና የመንገዱ ንፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፉታል። ጠብታው የሚታይበት ቦታና የሚያፈሰው ቦታ ስለዚህ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። በእጅ ባትሪ እያበሩ ከታች ወደ ላይ እየተከተሉ የእርጥበቱን መንገድ አዩ። ከዚያ ሁሉንም በቅባት ማጽጃ አጠቡት፣ በኮምፕረሰር አየር አደረቁት፣ ሞተር አስነስተው እኔን መሪው ላይ አስቀመጡኝ።

«እስከ ጥግ አዙረው ልጄ፣ እዚያ ላይ ግን ይዘህ እንዳትቆይ» አሉኝ። መሪው ጥግ ሲደርስ የዘይቱ ግፊት ከፍተኛው ላይ ይወጣል፣ ዘይቱም ቶሎ ይግላል። ከጥቂት ሰከንድ በላይ ከያዙት ፓምፑን ይጎዳል። እሳቸው ደግሞ በባትሪና በትንሽ መስታወት ነበር የሚያዩት፤ እጃቸውን ወደ ቱቦው አላስጠጉም። በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል አሉኝ። እኔ አላውቅም ነበር።

ተገኘ። ከፓምፑ ወደ መሪው ሳጥን የሚሄደው የከፍተኛ ግፊት ቱቦ፣ ጎማው ብረቱ ውስጥ ተጨፍልቆ የታሰረበት አንገት ላይ ዘይት ያንጠባጥባል። መሪው ቀጥ ሲል ያቆማል። ሲዞር ይጀምራል። የሚንጠባጠበው ደግሞ ቀጥታ ፓምፑ ላይ! መስታወቱን አዙረው እኔም በዓይኔ እንዳይ አደረጉኝ።

በፋሼታ፣ በቱቦ ማሰሪያው ቀለበት፣ ጥብቅ አድርገን ብናስረውስ ብዬ ነበር። ሳቁብኝ። ጎማችን ውስጥ ያለው አየር 35 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ይህ ቱቦ ግን መሪው ጥግ ሲደርስ ከ1000 ፒኤስአይ በላይ ይሸከማል። ፋሼታ የሚበቃው ዘይቱን ወደ ፓምፑ ለሚመልሰው፣ ለመመለሻው ቱቦ ነው፤ እዚያ ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ የግፊቱ ቱቦ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። የመገጣጠሚያው ቀለበቶች፣ የመዳብ ሮንዴላዎቹም፣ አብረው ተቀየሩ፤ አንዴ ሲጠብቁ ስለሚጨፈለቁ ዳግም በደንብ አይዘጉም። የመመለሻው ቱቦ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር እሱም ከነፋሼታው ተቀየረ። ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ ዘይት ጠጥቶ ለስልሷል ብለው አስቀየሩኝ። ዘይት የነካው ቺንጊያ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ደግሞ ፓምፑ በደንብ አይዞርም።

የመሪው ሳጥንስ? ከሥሩ፣ ጎማዎቹን ወደሚያዞረው ክንድ የሚወጣው ዘንግ ዙሪያ፣ ትንሽ እርጥበት አለው። ዘንጉን ይዘው ነቀነቁት፤ አይላወስም። ቢላወስ ኖሮ ኦይል ሲሉን፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋውን ጎማ፣ ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም፣ አዲሱም ቶሎ ያፈስ ነበር አሉ። ለጊዜው አልነኩትም። «ይሄ አይንጠባጠብም። ዘይቱን እያየህ ቆይ፣ መጉደል ሲጀምር ትመጣለህ።» ሊያስከፍሉኝ የሚችሉትን ሥራ ነው የተዉት። እኔን የገዛኝ ይሄ ነው።

ዘይቱን ሲሞሉ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብበው ነው። የእኔዋ ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ዴክስሮን የሚባለውን ነው የምትፈልገው። ሁሉም መኪና ግን እንደዚያ አይደለም፤ የራሱን ዘይት ብቻ የሚቀበል አለ። የተሳሳተ ዘይት ጎሚኒዎቹን፣ የጎማ መዝጊያዎቹን፣ ሊጨርስ ይችላል። ማፍሰስ ያቆማል ተብሎ የሚጨመረውን ፈሳሽ እሳቸው አይወዱትም። ጎሚኒውን አለስልሶ ለጊዜው ያሳብጠዋል እንጂ የተቀደደ ቱቦ አይሰፋም።

ከሁሉ የወደድኩት ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ሲያስወጡ ነው። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስተው ድጋፍ አስገቡ። ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ በዝግታ፣ ደጋግመው ደጋግመው አዞሩት። ዘይቱ ዝቅ ሲል ይጨምራሉ። እኔ ደክሞኝ ሞተር እናስነሳው ስል «አረፋው ይቅደም» አሉ። አየሩ ሳይወጣ ሞተሩ ቢነሳ ፓምፑ ዘይቱን እንደ ሳሙና ይመታዋል፤ ያ የሚያቃስተው ድምፅም ተመልሶ ይመጣል። አረፋው ሲጠፋ አስነሱት። መሪው በአንድ እጅ ዞረ፣ ድምፁም የለም። አሮጌዎቹን ቱቦዎች በካርቶን አድርገው ሰጡኝ፤ የተከፈለበት ዕቃ የባለቤቱ ነው ይላሉ። ሁሉም ተደምሮ ያ ጋራዥ ከጠራልኝ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ዝግ ያሉ ናቸው፣ ስልክ አያነሱም፣ ለምን አልጨረሱም ብሎ ለሚያጣድፍ ሰው ደግሞ ፊት አይሰጡም። መኪናውን ለነገ ጉዞ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ቢሞክር ይሻለዋል። ዘይቱ ትኩስ ማርሚታ፣ የጭስ መውጫው፣ ላይ እየተንጠባጠበ ከሆነ ግን ተራ ሳትጠብቁ ንገሯቸው፤ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ያንን ያስቀድማሉ።

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። የምትሄዱ ሰዎች፣ ሞተሩን አሳጥባችሁ እንዳትሄዱ። ቆሻሻውን መጀመሪያ ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ።