«ኦርጅናል ነው» ተብዬ የገዛሁት የሞተሪኖ ሶሌኖይድ፣ ከ8 ወር በኋላ

ሞተሪኖ ማለት ቁልፍ ሲዞር የመኪናውን ሞተር አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር ነው፤ ሶሌኖይድ ደግሞ እሱ ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ። ጥቅምት ላይ መኪናዬ ላይ ያስገጠምኩት ሶሌኖይድ ሰኔ ላይ ጉድ ሠራኝ። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ዝናብ፣ ልጆቹ ከኋላ ቦርሳቸውን ታቅፈው። ቁልፉን ሳዞር አንዴ «ቀጭ» አለና ዝም። ደግሜ አዞርኩ። «ቀጭ»። በቃ።

ጎረቤቶቼ ባትሪ ነው አሉ። አይደለም! ባትሪ ሲደክም «ቀጭቀጭቀጭ» ይላል። ሶሌኖይዱ ይስባል፣ ኃይሉ ሲወርድበት ይለቃል፣ መልሶ ይስባል። የእኔ አንዴ ብቻ ነው፤ የፊት መብራቱም ቦግ እንዳለ ነው። ይህን ልዩነት የተማርኩት አምና ጤነኛ ባትሪ ጥዬ አዲስ ከገዛሁ በኋላ ነው። ማርሿ ማንዋል ስለሆነ የሰፈር ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ቁልቁለት ፈልጌ ነው የማቆማት።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ከቁልፉ የሚመጣው ትንሽ ኤሌክትሪክ የሽቦ ጥቅሉን ማግኔት ያደርገዋል። ማግኔቱ መሐል ያለውን ብረት ይስባል። ብረቱ በአንድ ጉዞ የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ከሞተሩ ጥርስ ጋር ያገናኛል፣ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ ሁለት የመዳብ ቁራጮችን ያጋጥማል። ሞተሪኖውን የሚያዞረው ከመቶ አምፔር የሚበልጥ ኃይል የሚያልፈው በእነዚያ መዳቦች ነው። መኪና ባስነሳህ ቁጥር እዚያ ውስጥ ብልጭ ይላል፣ መዳቡም ትንሽ ትንሽ ይበላል።

ትንሽ ትንሽ ነው ያልኩት። የእኔን ስንፈታው አንዱ ጎን አልቋል። መጀመሪያውኑ ስስ ነበር፣ እንደ ሳንቲም። ከመኪናዋ ጋር የመጣው አሮጌው እኔ እጅ ላይ ብቻ 6 ዓመት ሠርቷል።

ወንድሜ ሻጩ፣ «አነዳድህ ነው፣ መንገዱ ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። መንገዱ ሶሌኖይድ ውስጥ ገብቶ መዳብ በላ? «ኦርጅናል ነው» ብለህ ያሳየኸኝ ካርቶኑን ነው። ካርቶኑማ ኦርጅናል ነበር! የ1 ዓመት ዋስትናውም በአፍህ ብቻ ነበር። 8 ወር በአንድ ቁልፍ ስትነሳ እንደነበር አልክድም። ግን ደግሜ አልገዛውም።

መካኒኩ አሮጌውን ሶሌኖይድ አስመጣኝና ወፍራም መዳብ ቀየረለት። የከፈልኩት የአዲሱን ሩብ እንኳ አይሞላም። ይኸው አሁን ንክች ሳደርጋት ትነሳለች።

«ታዲያ ይህን ጥቅምት ላይ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ያኔማ ገዝተው ነው የመጡት» አለኝ።