«16 ሰዓት ብቻ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ የ47 ሰዓት ጉዞ

ትናንት ማታ እናቴን ዋሽንግተን ወደምትኖረው እህቴ ልሸኛት ቦሌ ሄጄ፣ ከነሻንጣዋ ወደ ቤት ይዣት ተመለስሁ። ይህን የምጽፈው «ርካሽ ትኬት» የሚል ማስታወቂያ በራቸው ላይ ከለጠፉት ቢሮዎች ወደ አንዱ ልትገቡ ለተነሳችሁ ሁሉ ነው።

ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝና አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ እስከ መጨረሻው የሚያደርሰውን ነዳጅ ሞልቶ ለመነሳት ይቸገራል፤ በዚህም የተነሳ ወደዚያ ሲኬድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል፣ ጉዞውም ከ16 እስከ 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ሲመለስ ግን ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል። ይህን አውቅ ነበር፤ የተታለልሁትም በዚሁ እውቀቴ ነው።

ሻጩ ትኬቱን አትሞ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝና ሁለት ቁጥሮችን በእስክሪብቶ ከበባቸው፤ መነሻ 23:40፣ መድረሻ 15:50። «ይኸው፣ 16 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እማማ አንድ እንቅልፍ ተኝተው ሲነቁ ዋሽንግተን ናቸው» አለኝ። ከ15:50 አጠገብ በደቃቁ «+2»፣ ማለትም ከተነሳችበት ቀን ሁለት ቀን በኋላ ትደርሳለች፣ የሚል ተጽፎ ነበር፤ ሒሳቡን ሠርቶ እስኪጨርስ ድረስ ግን የግራ እጁ አውራ ጣት ከዚያ ላይ አልተነሳም። ሁለቱ ሰዓቶች የየከተማው ሰዓት መሆናቸውን፣ በመካከላቸውም የ7 ሰዓት ልዩነት መኖሩን እንኳ አላሰብሁም። የማውቀውን ቁጥር ስሰማ ልቤ አርፎ ከ180 ሺህ ብር በላይ ከፈልሁት።

ጉዞው ግን ፍራንክፈርት ላይ 31 ሰዓት የሚያስጠብቅ፣ በድምሩ 47 ሰዓት ከ10 ደቂቃ የሚወስድ ነበር። ይባስ ብሎ የሸጠልኝ ለየብቻ የተቆረጡ ሁለት ትኬቶች ኖሯል። የአሜሪካ ቪዛ ያለው መንገደኛ ከትራንዚት ክልሉ ሳይወጣ አውሮፕላን መቀየር ይችላል፤ እናቴ ግን ትኬቶቿ የተለያዩ በመሆናቸው ሻንጣዋን እዚያው ተቀብላ እንደገና ማስረከብ ስላለባት ጀርመን መግባት ይኖርባታል፣ የሸንገን ቪዛ ደግሞ የላትም። ይህን ያስረዳችኝ የቼክ ኢን ሠራተኛዋ ናት፤ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፓስፖርቷን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ትሰማ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቢሮው ስሄድ፣ ባለፈው ሳምንት «እርስዎ» እያለ ቡና ያዘዘልኝ ሰው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አንተ ማንበብ አትችልም እንዴ? ተጽፏል እኮ» አለኝ፤ ገንዘቡም እንደማይመለስ ነገረኝ። አጠገቡ የተቀመጠችው ባልደረባው ሳቋን ለመደበቅ እንኳ አልሞከረችም። እኔም ጥፋተኛ ነኝ፤ ለእናቴ የገዛሁትን ወረቀት ከእጁ ተቀብዬ ለአንድ ደቂቃ ያህል አላየሁትም።

ከመክፈላችሁ በፊት ጠቅላላው ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ትኬቱ በአንድ የማስያዣ ቁጥር የተቆረጠ መሆኑንና ሻንጣው በቀጥታ ዋሽንግተን ድረስ ማለፉን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ወረቀቱንም ራሳችሁ ይዛችሁ አንብቡት።