ራንፍላት ወይስ መደበኛ ጎማ? በአዲስ አበባ መሀል ትንሽ ፈጣን መኪና ለሚነዱ

በዚህ ዓመት ብቻ አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። ሁለቱ እንደ እኔ ሚኒ ኩፐር ኤስ የሚነዱ ናቸው፤ ሦስተኛው ቆየት ያለ ቢ.ኤም.ደብሊው አለው፤ አራተኛዋ የአክስቴ ልጅ ስትሆን መኪናዋን ገና ልትገዛ ነው። የሚጠይቁኝ የመኪናው ጎማ ሲያልቅ ከፋብሪካ እንደመጣው ራንፍላት፣ ማለትም ንፋሱ ወጥቶም የሚሄድ ጎማ፣ መግዛት ይሻላል ወይስ ወደ መደበኛው ጎማ መዞር ነው። መልሴን መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው፦ አብዛኛውን ጊዜ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ፣ ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ ባለው የከተማዋ መሀል ለሚነዳ ሰው መደበኛውን ጎማ እመክራለሁ። እዚህ የደረስኩት ብዙ ገንዘብ ከከሰርኩ በኋላ ስለሆነ ሌላው ያንኑ ገንዘብ እንዳያወጣ እፈልጋለሁ።

ራንፍላት ጎማ የሚሸጥልን ርቀት ነው። የጎኑ ግድግዳ በወፍራምና በጠንካራ ጎማ ስለተደገፈ፣ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ እንኳ መኪናውን ተሸክሞ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት 80 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲጓዝ ተደርጎ ይሠራል። ጎማ ጠጋኙ በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኝበት አገር፣ በዝናብና በሌሊት፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ከአራት ኪሎ ቤቴ ተነሥቼ ሜክሲኮ ሥራ ቦታዬ እስክደርስ ድረስ ሦስት ጎሚስታዎችን በስም አውቃለሁ፤ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከዋናው መንገድ ዳር የተነሡት የማውቃቸው ጎሚስታዎችም ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ገቡ እንጂ ከሰፈሩ አልጠፉም። 500 ሜትር ርቆ ለሚገኝ እርዳታ የ80 ኪሎ ሜትር ዋስትና መግዛት ከዋጋው አንጻር አያዋጣም።

መኪናውን በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ስገዛው አራቱም ጎማዎቹ ራንፍላት ነበሩ፤ ስኮርታም (ትርፍ ጎማ) ክሪክም አልነበረውም። በዚህ ሞዴል ላይ ባትሪው ከኋላ ወለል ሥር ስለተቀመጠና የጭስ ማውጫውም መሀል ለመሀል ስለሚወጣ ለስኮርታ የሚሆን ቦታ ከመጀመሪያውም አልተተወለትም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከአንድ የሕንፃ ግንባታ አጠገብ ሳልፍ የኋላውን ቀኝ ጎማ ሚስማር ወጋው። የጎማ ንፋስ ማስጠንቀቂያው መብራት በራ፤ እኔም ጎማው ያለ ንፋስ ይሄዳል የሚለውን አምኜ ሥራ ገባሁ፣ ማታ ወደ ቤት ተመለስኩ፣ ጎሚስታ ዘንድ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። በድምሩ የነዳሁት ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም።

ሚስማሩ የገባው መሬት በሚነካው ገጽ መሀል ላይ ስለነበር በመደበኛ ጎማ ቢሆን በ200 ብር ተለጥፎ የሚያልቅ ጉዳት ነበር። ጎማው ከቸርኬው ሲላቀቅ ግን ከውስጡ እንደተፈጨ ቡና ያለ ጥቁር ብናኝ ፈሰሰ። ጎሚስታው ብናኙን በመዳፉ ይዞ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከውስጥ ተበልቷል፤ ብለጥፈውም ነገ ይከዳዎታል» አለኝ። ትክክል ነበር። ባዶውን በተነዳ ቁጥር የጎኑ ግድግዳ ከውስጥ እየታሸና እየጋለ ይፈርሳል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ምንም ምልክት የለውም፤ ብዙ የጎማ አምራቾች ባዶውን የተነዳ ራንፍላት እንዳይጠገን የሚያሳስቡትም በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሚስማር ብቻ የወጋው ጎማ፣ የተገዛበትን ጥቅም ስለሰጠ ብቻ ተጣለ። ተተኪውን በ26,000 ብር ገዛሁ። በዚያ ላይ የጎኑ ግድግዳ አልታጠፍ ስላለ ሁለት ሰዎች በብረት ማላቀቂያ አንድ ሰዓት ያህል ሲታገሉ ቸርኬው ተፋቀ፤ ለጠንካራ ጎማ የተሠራ ማሽን ያለው ቤት ፈልጌ ብሄድ ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር።

ከዚያ ዋጋው ከአቅሜ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ለዚያው መጠን፣ ማለትም ለ205/45 ባለ 17 ኢንች (205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 45 የግድግዳው ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው መጠን) አዲስ ራንፍላት፣ ለአንዱ 44,000 ብር ተጠየቅሁ፤ እሱም በትዕዛዝ እንጂ መደርደሪያ ላይ ያለ አልነበረም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ የእኛ ዓይነት መኪኖች ቁጥር ከእንግዲህ አይጨምርም፤ ያነጋገርኳቸው ነጋዴዎችም ለጥቂት መኪና ብለው ውድ ጎማ አስመጥተው ማስቀመጥ እንደማይፈልጉ ነግረውኛል።

ከሁሉ የከፋውን ስሕተት የሠራሁት በዚህ ጊዜ ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ አንድ ሻጭ ከዱባይ የመጡ ያገለገሉ ራንፍላት ናቸው ብሎ ሁለት ጎማዎችን በ15,000 በ15,000 ብር ሸጠልኝ። ጥርሳቸው ገና ወፍራም ነበር፤ ጥቁር ቀለም ተቀብተው ያበራሉ፤ በጎናቸውም የራንፍላት ምልክት ይነበባል። በሦስተኛው ሳምንት ቸርችል ጎዳናን ስወርድ አንዱ ንፋሱ ወጣና ወዲያውኑ ተኛ፤ እስክቆም ድረስ ቸርኬው ጎማውን እየቆረጠ አስፋልቱን ነካ። ሲፈታ ጎማው ተራ ጎማ ሆኖ ተገኘ፤ ፊደሎቹም በጋለ ብረት የተጻፉ ነበሩ። ቸርኬውን ለማቃናት 5,000 ብር ከፈልኩ፤ ሁለተኛውን ጎማ በፈቃዴ አስወገድኩት። ሻጩ «አይቼ አይደል የሸጥኩልህ፣ አይተህ አይደል የገዛኸኝ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

ስለዚህ ራንፍላት ለመግዛት የቆረጠ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ጥቂት ነገሮችን በእጁ ይፈትሽ። ምልክቱ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ሚሽሊን «ዜድ ፒ»፣ ኮንቲኔንታል «ኤስ ኤስ አር»፣ ብሪጅስቶን «አር ኤፍ ቲ» ብለው በላቲን ፊደል ያትማሉ። እውነተኛው ጽሑፍ ከጎማው ጋር አብሮ በቅርጽ የወጣ ስለሆነ ከወለሉ ከፍ ብሎ በጣት ይዳሰሳል፤ የእኔ ግን ወደ ውስጥ የተቆፈረ ነበር፣ ያን ጊዜ ልዩነቱን ብዳስሰው ኖሮ 30,000 ብር በኪሴ ይቀር ነበር። ቸርኬ ላይ ያልተገጠመን ጎማ አቁሞ ጎኑን በሁለት እጅ መጫንም ይቻላል፤ መደበኛው በቀላሉ ይለምጣል፣ ራንፍላቱ ግን እንደ እንጨት ይመልሳል፣ ሲነሣም ይከብዳል። ከዚያ በላቲን ፊደል «ዲ ኦ ቲ» ከሚለው ቀጥሎ ከሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጅ ዓመቱን ያሳያሉ፤ 2319 የሚል ጎማ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ጎማውን ትቶ መሄድ ነው። ያገለገለ ራንፍላት ደግሞ ከነአካቴው ባይገዛ እመርጣለሁ፤ የቀድሞው ባለቤት ባዶውን ነድቶት እንደሆነ ማረጋገጫ የለም።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ወደ መደበኛው ጎማ ስዞር መጠኑንም አብሬ ቀየርኩ። 205/45 ባለ 17 ኢንቹን ትቼ 195/55 ባለ 16 ኢንች አስገጠምኩ፤ ይህም መጠን ለዚሁ መኪና ከፋብሪካ የተፈቀደ ነው። የሁለቱ ጠቅላላ ቁመት ሲሰላ ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው ብዙም አይሳሳትም፤ የጎማው ግድግዳ ግን ከ92 ወደ 107 ሚሊ ሜትር ያድጋል። እነዚህ 15 ሚሊ ሜትሮች ያልተከደነ ጉድጓድና በኮብልስቶን የተነጠፈ የሰፈር መንገድ ላለበት ከተማ የምመኘው ሁሉ ናቸው። በራንፍላቱ ጊዜ የጉድጓዱ ምት ጎማው ላይ ሳይቀር በቀጥታ ወደ ቸርኬውና ወደ አሞርዛተሩ ይደርስ ነበር፤ አሁን ያው ጉድጓድ ድምፁ ይሰማል እንጂ መሪውን ከእጄ አይነጥቀኝም።

ሒሳቡ እንደሚከተለው ነበር። አራት አዲስ የኮሪያ ጎማ በ17,500 ብር ሒሳብ 70,000፤ አራት ያገለገሉ ባለ 16 ኢንች ቸርኬዎች 32,000፤ ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የንፋስ መሙያ 4,500፤ የመጠገኛ ክርና መሣሪያ 1,200፤ በድምሩ 107,700 ብር። አራት አዲስ ራንፍላት ብቻውን 176,000 ብር ነበር። ቸርኬ ለውጬ፣ መሣሪያ ገዝቼ እንኳ 68,300 ብር ተረፈኝ፤ ቸርኬውን ለማይለውጥ ሰው ልዩነቱ ከ100,000 ብር ያልፋል። ከዚያ ወዲህ ጎማዬ አምስት ጊዜ ተወግቷል፤ ከአምስቱ ሦስቱ ከግንባታ የወደቀ ሚስማርና የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ነበሩ። በእያንዳንዱ የከፈልኩት 250 ብር ሲሆን ሁሉም አምስት ጊዜ ጎማው ወደ ሥራው ተመልሷል።

የሚያሽከረክሩበትን ደስታ የሚያስቀድሙ ሁለቱ ወዳጆቼ መደበኛው ጎማ መሪውን ያለሰልሳል ብለው ይሰጋሉ። መጀመሪያ ላይ ከእንጦጦ ቁልቁል ስወርድ በጠመዝማዛው ላይ መኪናው ለመታጠፍ ትንሽ የዘገየ መስሎኝ ነበር፤ በሳምንቱ ግን ለመድኩት፤ ጎማው ስለቀለለም መኪናው ሲነሣ ይበልጥ ቅልጥፍ ይላል። ለጆን ኩፐር ወርክስ (ይበልጥ ፈጣን ለሆነው የሚኒ ዓይነት) ባለቤት የምነግረው ግን ትልቁ ፍሬኑ ለባለ 16 ኢንች ቸርኬ ቦታ ላይተው ስለሚችል ከመግዛቱ በፊት እንዲለካ ነው። በሌላው ሁሉ የጎማው የጭነትና የፍጥነት ቁጥር፣ ለምሳሌ 87 V የሚለው፣ መኪናው ከመጣበት ዝቅ እንዳይል ማየት ይበቃል። ለራንፍላት የተሠራ ቸርኬ መደበኛውን ጎማ ያለ ችግር ይቀበላል፤ ሁለቱን ዓይነት በአንድ መኪና ላይ ማደባለቅ ግን ነውር ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

መደበኛውን የሚመርጥ ሰው የሚቀበለው ግዴታም አለ። ጎማው ከተኛ መኪናው ይቆማል፤ ስለዚህ የንፋስ መሙያው ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይሁን። ከንፋስ መሙያው ጋር የሚሸጠው የማሸጊያ ፈሳሽ ጊዜው የሚያልፍበት ስለሆነ ቀኑ ይታይ፤ እሱም ትንሽ ቀዳዳን እንጂ የተቀደደ ጎንን አይደፍንም። አንዳንድ ጎሚስታ ቀላል መፍትሔ አድርጎ ከመነዳሪ ልጨምርበት ይላል፤ ግድግዳው አጭር በሆነና ለከመነዳሪ ባልተሠራ ጎማ ውስጥ ይህ ሙቀት ፈጥሮ በፍጥነት ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል አልፈቅድም። ከውስጥ የሚለጠፈው ፓች ከክሩ የተሻለ ነው፤ ክሩ እስከ ጎሚስታው ለመድረስ ያገልግል።

ከከተማ ወጥቶ የሚነዳ ሰው ነገር ይለያል። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የራንፍላቱ 80 ኪሎ ሜትር ለእሱ የተለካ ይመስላል፤ በሌሊት፣ በከባድ መኪኖች አጠገብ፣ በመንገዱ ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ ጎማ መቀየርን ለጠላቴም አልመኝም። ከሞጆ ወደ ሀዋሳ ለሚሄደው ግን ዋስትናው ግማሽ ነው፤ ራንፍላቱ ከተማ ያደርሰዋል፣ ከተማው ውስጥ ግን ያንን ጎማ ስለማያገኝ መኪናውን አስጭኖ ይመለሳል።

የአክስቴ ልጅ በሳምንት ሁለት ጊዜ ማታ ማታ ከአዳማ ብቻዋን ነድታ ስለምትመለስ፣ ከጠየቁኝ አራቱ ውስጥ ራንፍላት ግዢ ያልኳት እርሷን ብቻ ነው፤ አዲስ ይሁን፣ አራቱም ይሁን፣ የማስጠንቀቂያው መብራትም በትክክል ይሥራ ብዬ። ራንፍላት ባዶውን ቆሞ ሙሉ ስለሚመስል ያለዚያ መብራት ነጂው ምንም አያውቅም፤ እዚህ በሚሸጡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ደግሞ መብራቱ እንዳይረብሽ የተነቀለበትን አይቻለሁ። በእኔው ዓይነት መኪና መብራቱ የሚሠራው የጎማዎቹን የአዟዟር ልዩነት በማነጻጸር ስለሆነ ንፋስ በተሞላ ቁጥር እንደገና መጀመር አለበት። መኪናውን የምታየው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ በርቶ እንደሚጠፋና የአራቱን ጎማዎች ቀን አብረን ሳናይ ቀብድ እንዳትሰጥ ተስማምተናል።