አሲድና ቤዝ፣ የሞሌኪውሎች መሳሳብም፦ ለሕክምና ተማሪዎች የተዘጋጀ የቪዲዮ ኮርስ ግምገማ

ለአንደኛ ዓመት የሕክምና ተማሪዎች የተዘጋጀው ይህ የቪዲዮ ኮርስ ሁለት ርእሶችን ብቻ ይዟል፤ አንደኛው የአሲድና ቤዝ ኬሚስትሪ ሲሆን ሁለተኛው በሞሌኪውሎች መካከል የሚሠሩ ኃይሎች ነው። ከቪዲዮዎቹ ጋር የመልመጃ ጥራዝ አብሮ ይሰጣል። የመጀመሪያው ክፍል ለተከፈለበት ገንዘብ የሚያስቆጭ አይደለም፤ ሁለተኛው ግን በተመሳሳይ ዋጋ መሸጡ አግባብ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ክፍል ብሮንስቴድና ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1923 ካቀረቡት ትርጓሜ፣ ማለትም አሲድ ፕሮቶን (የሃይድሮጂን አዮን) ሰጪ ቤዝ ደግሞ ፕሮቶን ተቀባይ ነው ከሚለው ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ወደ ደም ይሻገራል። የጤናማ ሰው የደም ወሳጅ ደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ7.35 እስከ 7.45 መሆኑን ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ይዞት ይሆናል፤ አስተማሪው ግን ይህን የሎጋሪዝም ቁጥር ወደ እውነተኛ መጠን ይመልሰዋል። በፒኤች 7.4 በአንድ ሊትር ውስጥ 40 ናኖሞል ያህል የሃይድሮጂን አዮን ይገኛል፤ ፒኤቹ ወደ 7.1 ሲወርድ መጠኑ ወደ 80 ናኖሞል ይደርሳል። በ0.3 ብቻ የቀነሰ የሚመስለው ነገር በእርግጥ እጥፍ ጭማሪ መሆኑን ያየ ተማሪ የላቦራቶሪ ውጤትን ከዚያ በኋላ በግዴለሽነት አያነብም።

ከሁሉ የላቀው ግን በደም ውስጥ አሲድን ስለሚያረግበው ቤዝ፣ ስለ ባይካርቦኔት፣ የተሰጠው ማብራሪያ ነው። አንድ በፈር (አሲድ ወይም ቤዝ ሲጨመር የፒኤች ለውጥን የሚቋቋም ድብልቅ) በሚገባ የሚሠራው የፈሳሹ ፒኤች ከበፈሩ ፒኬኤ (የአሲዱ ግማሽ ፕሮቶኑን ሰጥቶ የሚገኝበት ፒኤች) ከአንድ አሃድ በላይ ሳይርቅ ነው የሚለውን ደንብ ማንም የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቀዋል። የባይካርቦኔት በፈር ፒኬኤ 6.1፣ የደም ፒኤች ደግሞ 7.4 ስለሆነ በዚህ ደንብ ከተሄደ ባይካርቦኔት ለደም የማይረባ በፈር መሆን ነበረበት። አብዛኞቹ አስተማሪዎች ይህን ተቃርኖ ሳያነሡ ያልፉታል፤ ይህ ኮርስ ግን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ደንቡ የሚሠራው ለተዘጋ ዕቃ ሲሆን ሰውነት ግን ክፍት ሥርዓት ነው፤ ወደ ደም የገባ አሲድ ባይካርቦኔቱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጠው ሳንባ ጋዙን ያስወጣዋል፣ ኩላሊት ደግሞ የጎደለውን ባይካርቦኔት ቀስ በቀስ ይተካል። ስሌቱም ደረጃ በደረጃ ይታያል፦ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በ0.03 ሲባዛ 1.2 ሚሊሞል በሊትር ይሆናል፣ 24 ሚሊሞል ባይካርቦኔት ለ1.2 ሲካፈል 20 ይመጣል፣ የ20 ሎጋሪዝም 1.3 ነው፣ ይህም በ6.1 ላይ ሲደመር 7.4 ይሆናል። (ግፊትን በኪሎፓስካል የሚጽፍ ላቦራቶሪ የሚጠቀም ተማሪ በ0.03 ፈንታ 0.23 መውሰድ አለበት፤ የመልመጃው ጥራዝ ይህን አለመጥቀሱ የሚያሳስት ግድፈት ነው።)

ስለ መድኃኒት የቀረቡት ምሳሌዎች እኩል አልተሳኩም። ፒኬኤው 7.9 የሆነው የማደንዘዣ መድኃኒት ሊዶኬይን በፒኤች 7.4 ከሩብ ጥቂት ያነሰው ብቻ ያለ ቻርጅ (ያለ ኤሌክትሪክ ሙል) ይገኛል፤ መግል በቋጠረ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ፒኤቹ ወደ 6.9 ቢወርድ ይህ ድርሻ ወደ 9 በመቶ ያሽቆለቁላል። የነርቭን ሽፋን በቀላሉ የሚያልፈው ቻርጅ የሌለው ቅርጽ ስለሆነ፣ ማደንዘዣው ባበጠ ድድ ላይ ለምን እንደሚሰንፍ ከዚህ ስሌት ብቻ መረዳት ይቻላል። በአስፕሪን ላይ ግን አስተማሪው ተቻኩሏል። ፒኬኤው 3.5 በመሆኑ በጨጓራ አሲድ ውስጥ በአብዛኛው ቻርጅ አልባ መሆኑ እውነት ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ አስፕሪን በዋናነት የሚመጠጠው በጨጓራ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። የትንሹ አንጀት የገጽ ስፋት ከጨጓራ እጅግ ስለሚበልጥ ብዙው የሚመጠጠው እዚያ ነው። በኬሚስትሪ ትክክል የሆነ አስተሳሰብ አናቶሚን ሲዘነጋ ወዴት እንደሚያመራ ማሳያ ሊሆን ይችል የነበረ ምሳሌ ባክኗል።

ሁለተኛው ክፍል ኃይሎቹን ከደካማው ወደ ብርቱው ደርድሮ ያስቆጥራል እንጂ ምን እንደሚሠሩ እምብዛም አያሳይም። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲፈላ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከዜሮ በታች በ60 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው በሃይድሮጂን ቦንድ (ሃይድሮጂን የሚሳተፍበት ብርቱ የሞሌኪውሎች መሳሳብ) ምክንያት መሆኑን በጥሩ ሁኔታ ያስረዳል፤ በዲኤንኤ ውስጥ አዴኒንና ታይሚን በሁለት፣ ጉዋኒንና ሳይቶሲን በሦስት ሃይድሮጂን ቦንድ እንደሚያያዙም ይጠቅሳል። ከዚያ በኋላ ግን ቅባት ከውሃ የሚለየው ሁለቱ ስለሚገፋፉ ነው ይላል፤ ይህ ትክክል አይደለም። በቅባትና በውሃ ሞሌኪውሎች መካከልም ደካማ መሳሳብ አለ፤ መለያየቱ የሚመጣው የውሃ ሞሌኪውሎች በቅባቱ ዙሪያ ነጻነታቸውን አጥተው በሥርዓት ለመደርደር ስለሚገደዱና ቅባቱ አንድ ላይ ሲሰበሰብ ይህ ግዴታ ስለሚቀንስላቸው ነው።

ለሕክምና ተማሪ ዐይን ገላጭ የሚሆኑት ጉዳዮች ደግሞ ጨርሶ አልተነሡም። በሲክል ሴል በሽታ በሂሞግሎቢን የቤታ ሰንሰለት ስድስተኛ ቦታ ላይ ቻርጅ ያለው አሚኖ አሲድ ግሉታሜት ውሃ በማይወደው አሚኖ አሲድ ቫሊን ይተካል፤ ሂሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ ሞሌኪውሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ዘንግ የሚሠሩት በዚህች ነጥብ ነው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ለመተንፈስ የሚቸገሩትም የውሃ ሞሌኪውሎች መሳሳብ የሚፈጥረውን የገጽ ውጥረት የሚቀንሰው ሰርፋክታንት በሳንባቸው ውስጥ ገና በበቂ ስላልተመረተ ነው። እነዚህን ሁለቱን ብቻ አስገብቶ ዝርዝሩን ቢያሳጥር ክፍሉ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

የመልመጃው ጥራዝ መልሶችን የሚሰጠው በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ሎጋሪዝም የሚያስቸግረው ተማሪ የት ላይ እንደተሳሳተ ሊያገኝ አይችልም። የአሲድና ቤዙን ክፍል ለብቻው መግዛት ከተቻለ ያንን መግዛት፣ የሞሌኪውሎቹን መሳሳብ ግን ከባዮኬሚስትሪ መጽሐፍ የፕሮቲንና የሴል ሽፋን ምዕራፎች መማር የተሻለ ነው።