የንግሥት እሌኒን ሳንቲም ለምትሰበስቡ፦ ኦክሪን ሳታዩ አትግዙ

ለኦክሪ አዘጋጆች እግዚአብሔር ይስጥልን! ኦክሪ (OCRE) የአሜሪካን ኑሚዝማቲክ ሶሳይቲና የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያዘጋጁት የሮማ ነገሥታት ሳንቲሞች የኢንተርኔት መዝገብ ነው። ከ40,000 በላይ የሳንቲም ዓይነቶች አሉት። ክፍያ የለውም።

ገበያውን የምታውቁ ምሬቱን ታውቃላችሁ። የሴት ምስል ያለበትን የ4ኛው መቶ ዘመን ነሐስ ሁሉ «እሌኒ መስቀሉን ስታገኝ የተመታ» ብለው የሚሸጡ ሞልተዋል። የምስክር ወረቀት ብለው ገንዘብ ይቀበላሉ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ክብደቱ እንኳ የለም። ይባስ ብሎ እንዲያብረቀርቅ በአሲድ ነክረው በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጉታል። ፊደሉና ምስሉ የቀረው አረንጓዴው ሽፋን ላይ ስለሆነ አብሮ ተጠርጎ ይሄዳል። ያሳዝናል።

ኦክሪ ላይ ከሁሉ የማመሰግነው የመለያ ገጹን ነው። ጽሑፉ ለጠፋበት ሳንቲም የነገሥታቱንና የንግሥታቱን መልክ ደርድሮ ያሳያል፤ የሚመስለውን መርጦ የተነበበችውን ቁራጭ ቃል መጻፍ ይበቃል። ከሙዚየም ፎቶ ጋር ያመጣላችኋል።

እሌኒን እንውሰድ። በሕይወት ሳለች፣ ከ324 እ.ኤ.አ. በኋላ የተመታው ጀርባው ላይ በላቲን «ሴኩሪታስ ሬይፑብሊኬ» ይላል፤ እዚያው ጀርባው ላይ ያለችው ሴት ቅርንጫፍ ቁልቁል ይዛ በሌላ እጇ ልብሷን ሰብስባለች። ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 3 ግራም ገደማ ነው። «ፓክስ ፑብሊካ» የሚለው ግን ከሞተች በኋላ ከ337 እስከ 340 የወጣ ነው፤ 15 ሚሊ ሜትርና 1.5 ግራም አካባቢ፣ የተመታውም በትሪየር፣ በሮምና በቁስጥንጥንያ ብቻ። ስለዚህ ከምስሉ ግርጌ ያሉትን፣ የተመታበትን ከተማ የሚያመለክቱ ፊደሎች አንብቡ፤ ኤስ-ኤም-ኤ-ኤን-ቲ (SMANT) አንጾኪያ ነውና ከ«ፓክስ» ጋር ካያችሁት ተጠራጠሩ። «ፒየታስ ሮማና» ብሎ ሕፃን የታቀፈች ሴት ጀርባው ላይ ካለችበት ደግሞ በፊቱ በኩል ያለችው እሌኒ ሳትሆን የቆስጠንጢኖስ እንጀራ እናት ቴዎድራ ናት። ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህኛው ነው!

ሻጩን ክብደትና ስፋት ጠይቁ፤ በወርቅ ሚዛን መዝኑ፤ ከጎን ብርሃን አብርታችሁ ፎቶ አንሱ፤ ጠርዙን ዙሪያውን እዩ፣ የመጋጠሚያ መስመር ካለው በቅርጽ የፈሰሰ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ኦክሪን ክፈቱ። እባካችሁ መጀመሪያ ኦክሪን፣ ገንዘቡን ከዚያ በኋላ። አዘጋጆቹን አመስግኑልኝ፣ ለሌሎች ሰብሳቢዎችም አጋሩት።